ልዑሉ የሳቁበት ጥናት

መምህር ጂየን ሱዪንን ከሥራዋ ሊያስነቅላት የተነሣው ሰው ከሞተ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። እንዲህ ያለውን ሰው በስልክ አይለምኑት፣ እራት ጋብዘው አያባብሉት፣ ጉዳዩ ከጅምሩ ጠማማ ነበር።

ሰውየው ልዑል ቺ ይባላሉ። በሕይወት ሳሉ ተራ የጦር አለቃ ነበሩ፤ ከሞቱ በኋላ ግን ሹመት በሹመት ላይ ተደራረበላቸውና ከታይናን ከተማ በስተደቡብ የአንድ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ጠባቂ ሆኑ። ፊታቸው ጠቁሮ፣ ጢማቸው እስከ እምብርታቸው ወርዶ፣ የእንጨት ምስል ሆነው በቤተ መቅደሳቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። የሰፈሩ ሰው ጀልባው ሲጠፋ፣ ሚስቱ ስትኮበልል፣ ልጁ ፈተና ሲወድቅ እሳቸው ዘንድ ሄዶ ይሳላል። የቤተ መቅደሱ ጸሐፊዎችም መቶ አርባ ዓመት ሙሉ ስእለቱን አንድ በአንድ በብሩሽ ከትበውታል፦ ማን እንደተሳለ፣ ምን እንደለመነ፣ ሲሳካለትም የአሻንጉሊት ቲያትር አስመጥቶ ወይም አሳማ አስጠብሶ እንዳመሰገነ። በድምሩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጥራዝ ሆነ።

ሱዪን እነዚያን ጥራዞች አራት ዓመት ገጽ በገጽ ፎቶ አነሣች። ኮምፒውተሩ የብሩሹን ጽሕፈት ማንበብ እስኪለምድ እንደ ሕፃን ልጅ አባበለችው፤ በመጀመሪያው ዓመት «ጀልባዬን መልስልኝ» የሚለውን ሁሉ «ዳክዬዬን መልስልኝ» እያለ ያነብ ነበር። በመጨረሻ ሃያ ስድስት ሺህ ስእለት በአንድ ሰንጠረዥ ተሰለፈ። ይህ ሥራ በዩኒቨርሲቲው ወረቀት ላይ «ዲጂታል ሥነ ሰብእ» ይባላል። ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ግን አልነበረም። በምታስተምረው ኮርስ ስድስት ተማሪዎች ተመዝግበው ነበር፤ ሁለቱ የፎቶግራፍ ትምህርት መስሏቸው ነው የገቡት፣ አንደኛው እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ካሜራውን አንግቶ ይመጣ ነበር።

የሱዪን የሥራ ውል አንዲት መራራ አንቀጽ ነበረችበት። መምህሩ በስድስት ዓመት ውስጥ ወይ ያድጋል ወይ ይሰናበታል ትላለች። ስድስተኛው ዓመት የሚያልቀው ጁላይ ሠላሳ አንድ ነው። ለዕድገት የጎደላት አንድ ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ እሱም ተጽፎ፣ ተመርምሮ፣ «ይታተማል» ተብሎላት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶታል። መጽሔቱ ሰንጠረዡ ለሕዝብ ክፍት ይሁን አለ። ሰንጠረዡ ክፍት እንዲሆን ደግሞ የጥራዞቹ ባለቤት ይፍቀዱ አለ።

ባለቤቱ ማን ናቸው? የመሬት መዝገቡ ሲታይ ቤቱ፣ ግቢውና በውስጡ ያለው ንብረት በሙሉ በልዑል ቺ ስም ነው። አድራሻ፦ እዚያው።

በዩኒቨርሲቲው የፈቃድ ቢሮ የምትሠራው ሴትዮ በስልክ «እንግዲያው ባለቤቱ ፎርሙን ይሙሉ» አለቻት። «ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ናቸው አይደል?»

«ትንሽ ያልፋሉ።»

«አእምሯቸውስ ጤነኛ ነው?»

«እስካሁን ቅሬታ አልቀረበባቸውም።»

«እንግዲያው ምን ችግር አለ? ይፈርሙና ላኪልኝ።»

ሱዪን ፎርሙን ይዛ ሐሩር በሚያቃጥልበት ቀትር ቤተ መቅደሱ ደረሰች። ጠባቂው አጎት ሹይቱ በካኒተራና በነጠላ ጫማ ሆነው፣ በር ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን በጋዜጣ ያራግቡ ነበር። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ዓሣ ማጥመድ የተዉት ዓሣዎቹ ስላወቋቸው ነው ይላሉ።

«ፈቃድ ነው የፈለግሽው? ቀላል ነው» አሉና ሁለቱን ቀይ እንጨቶች አቀበሏት። እንጨቶቹ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አላቸው፤ በአንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ፣ በሌላው እብጥ ያሉ ናቸው። ጠይቀሽ ትጥያቸዋለሽ አሏት። አንዱ በሆዱ አንዱ በጀርባው ከወደቀ ልዑሉ እሺ ብለዋል። ሁለቱም እብጠታቸውን ወደ ላይ ካደረጉ እምቢ ብለዋል። ሁለቱም ጠፍጣፋቸውን ወደ ላይ ካደረጉ ደግሞ ልዑሉ ስቀዋል። ለትልቅ ጉዳይ በተከታታይ ሦስት እሺ ያስፈልጋል።

ሱዪን ተንበረከከች። «ልዑል ሆይ፣ የስእለት ጥራዞችዎን ዲጂታል ስብስብ ከነገላጭ መረጃው በክፍት ፈቃድ ለተመራማሪው ማኅበረሰብ ተደራሽ እንዳደርግ ይፈቅዱልኛል?»

ጣለች። ልዑሉ ሳቁ።

እንደገና ጠየቀች፣ እንደገና ሳቁ። ቃላቱን ቀያየረች፣ ሳቁ። «የዳታ መሠረተ ልማት» የሚል ስትጨምርበት አንደኛው እንጨት ራሱ ከሳቁ ብዛት ተንከባሎ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቀች፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተሳቀባት።

«ልጄ» አሉ አጎት ሹይቱ፣ «ልዑሉ የሚስቁት ጥያቄው ሳይገባቸው ሲቀር ነው። እኔም አልገባኝም፤ እኔ ግን ተቀጣሪ ስለሆንኩ አልስቅም።»

«ታዲያ እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው?»

«ምንድነው የምትሠሪው? ለእኔ ንገሪኝ።»

«ከሩቅ ማንበብ የሚባል ዘዴ አለ...»

«ከሩቅ? መነጽር የለሽም?»

ሱዪን በስምንት ጉባኤዎች ላይ ይህንኑ ተናግራ ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ አዳምጧት ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም። አሁን ገና ገባት፤ ያን ጊዜም ማንም ሰው ምንም አልገባው ኖሯል፣ ልዩነቱ ልዑሉ እንደ ፕሮፌሰሮቹ ይሉኝታ የላቸውም።

ላቧን ጠረገች። «ልዑል ሆይ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሰዎች ምን ምን እንደለመኑዎትና ስንቱ እንደተሳካላቸው ቆጥሬያለሁ። ቆጠራዬን ለሰው ሁሉ ላሳይ?»

ሁለቱም እብጠታቸውን ወደ ላይ አድርገው ወደቁ።

«ገባቸው!» ብለው አጎት ሹይቱ ከመቀመጫቸው ዘለሉ።

«እምቢ ነው እኮ ያሉት!»

«ይሁና! ግን ገባቸው!»

በማግስቱ ሱዪን ኬ ሚንቻንግን አስከትላ መጣች። ኬ የትምህርት ክፍሏ የኮምፒውተር ሰው ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ በፊት የካራኦኬ ማሽን ይጠግን ነበር፣ የምረቃ በዓል ላይ እንኳ በሰንደል ጫማ የሚገኝ ሰው ነው።

«እምቢ ካሉ ምክንያት አላቸው» አለ ላፕቶፑን መሬት ላይ ዘርግቶ። «ምክንያቱን በግማሽ በግማሽ እየቆረጥን እናድነዋለን። አንድ ሚሊዮን ምክንያት ቢኖራቸው ሃያ ጥያቄ ይበቃናል።»

«ልዑል ናቸው እኮ፣ የተበላሸ ማሽን አይደሉም» አለች ሱዪን።

«ማሽን ሲበላሽም እኮ የምንጠይቀው እንዲሁ ነው፣ መምህር። ማሽን ግን አይስቅብሽም።»

ጀመሩ። ያልወደዱት ፎቶውን ነው? እምቢ። ጥራዞቹን ነው? እምቢ። የሱዪንን ሰንጠረዥ ነው? እሺ። ሰንጠረዡ አሥራ አራት ዓምድ አለው። ከመጀመሪያዎቹ ሰባቱ ውስጥ ነው? እምቢ። ከስምንት እስከ አሥር? እምቢ። እንዲህ እንዲህ እያሉ፣ የዓሣ ገበያው ሰዎች ጨረታ ጨርሰው በሞተር ሳይክል ሲያልፉ፣ አሥራ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ደረሱ። «ስእለቱ ሠመረ ወይስ አልሠመረም» ይላል።

የጽሑፏ ሁሉ ልብ ያ ዓምድ ነው። ሱዪን በዚያ ላይ ቆማ ነው ልዑሉ ከመቶው ሠላሳ ስምንቱን ብቻ እንደሰሙ፣ ጃፓኖች አገሩን ከገዙበት ዘመን ወዲህ ደግሞ ኃይላቸው እየደከመ እንደሄደ ያሳየችው። መጽሔቱ «አስደናቂ ግኝት» ያላት ይህንኑ ነው።

አጎት ሹይቱ ይህን ሲሰሙ ጋዜጣቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ሠላሳ ስምንት? ከመቶ? የባሕር እናት ቤተ መቅደስ ሰዎች እኮ ከገበያው ማዶ ነው ያሉት! ይህን ቢያገኙ በጨርቅ ላይ ጽፈው መንገድ ላይ ነው የሚሰቅሉት!»

«እኔ ምን ላድርግ? መዝገቡ ነው ያለው» አለች ሱዪን። «ይኸው፣ አንዱን ይመልከቱ። በጃፓኖች ዘመን አንዲት ሴት ልጇ ተብታባ ስለሆነ አፉ እንዲፈታላት ተሳለች። ከዚያ በኋላ መጥታ እንዳመሰገነች የሚል ነገር የለም። ስለዚህ አልሠመረላትም።»

«የየትኛው ቤት ሴት ናት?»

ስሟን አነበበችላቸው።

«አክስቴ ናት!» አሉ። «ልጁ ደግሞ የአክስቴ ልጅ አ-ጓንግ ነው። አልሠመረም ነው የምትይኝ? ሰውየው አርባ ዓመት ሙሉ በዓሣ ገበያው ጨረታ ሲጮኽ የኖረ ነው! ሲተኛ እንኳ ዋጋ ይጠራ ነበር። ቀባሪዎቹ ሳይቀሩ ሳጥኑን በጥርጣሬ ነው የተሸከሙት።»

«ታዲያ እናቱ ለምን መጥታ አላመሰገነችም?»

«እሱ ሲያወራ መቼ ፋታ ሰጣትና!»

ኬ ሳቀ። ሱዪን አልሳቀችም። ሰንጠረዡን ትክ ብላ እያየች ፊቷ እንደ ተቀቀለ ሩዝ ነጣ። ኮምፒውተሩን ያዘዘችው እሷ ናት፤ ምስጋና ካልተጻፈ «አልሠመረም» በል ብላዋለች። ልጁ ድኖለት ለማመስገን የሰነፈ፣ ጀልባው ተመልሶለት የረሳ፣ ሚስቱ ተመልሳ የጸጸተው፣ ሁሉም በልዑሉ ላይ እንደ ሽንፈት ተቆጥሯል። ከቀረው አሥራ ስድስት ሺህ ስንቱ እንደሠመረ የሚያውቅ የለም። የልዑሉ ኃይል መድከሙን አልነበረም ያገኘችው፤ ሰው ማመስገን መተዉን ነው። እሷ በአራት ዓመት ውስጥ፣ ሦስት ገምጋሚዎችና አንድ አዘጋጅም ያላዩትን ስሕተት ያዩት አንድ የሞተ የጦር አለቃ ናቸው።

«ልዑል ሆይ» አለች ተንበርክካ፣ «ዓምዱን ባስተካክል፣ የማላውቀውን አላውቅም ብዬ ብጽፍ፣ ይፈቅዱልኛል?»

እሺ። እሺ። እሺ።

ጁላይ ሠላሳ አንድ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ሱዪን ጽሑፉን አፍርሳ እንደ አዲስ ሠራችው፤ ኬ ሰንጠረዡን አረመ፤ አጎት ሹይቱ የልዑሉን ማኅተም በፈቃድ ፎርሙ ላይ አሳረፉ፤ በዕድሜ ቦታም «1,200 ገደማ» ብለው ጻፉ። የፈቃድ ቢሮዋ ሴትዮ ቁጥሩ ከአሥራ ስምንት መብለጡን አይታ ፋይሉን ዘጋችው።

አንድ ነገር ግን ሱዪንን እንቅልፍ ነሣት። ግኝቱ የእሷ አይደለም። ሄዳ ተንበረከከች።

«በጽሑፉ መጨረሻ ላመስግንዎት?»

እምቢ።

«ሁለተኛ ደራሲ ላድርግዎት?»

እምቢ።

ኬ ከኋላዋ ሆኖ «መምህር፣ ተነሺ እንሂድ» አለ። «ሦስተኛውን እንዳትጠይቂ። የዕድገት ነጥቡ ሁሉ የሚሄደው ለመጀመሪያው ደራሲ ነው። እሱን ከሰጠሻቸው ሥራሽ አለቀለት።»

«ያገኙት እሳቸው ናቸው፣ ኬ።»

«ደመወዝ አይበሉ፣ ቤት ኪራይ የለባቸው!»

«ያገኙት ግን እሳቸው ናቸው።»

ጠየቀች። ሦስት ጊዜ እሺ አሉ፤ አጎት ሹይቱ እንደሚሉት፣ ሦስተኛውን እንጨቶቹ ገና ሳይወድቁ በአየር ላይ ነው የተናገሩት። ጽሑፉ «ልዑል ቺ እና ጂየን ሱዪን» ተብሎ ገባ። የመጽሔቱ ድረ ገጽ ደግሞ ደራሲን ያለ መሥሪያ ቤት አልቀበልም ስላለ፣ ኬ ነገሩ እንዲያልፍ ብሎ በልዑሉ ስም ፊት የዩኒቨርሲቲውን ስም ጻፈበት። መጽሔቱ ጽሑፉን ተቀበለው፤ የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተርም ስሙን አይቶ ለልዑሉ የሠራተኛ ቁጥር ሰጣቸው። ማንም አላስተዋለም።

ጁላይ ሠላሳ አንድ ከምሳ በኋላ የዕድገት ኮሚቴው በዲን ፋንግ ቢሮ ተሰበሰበ። ዲን ፋንግ ደንብ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ሊፍት ውስጥ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ እንኳ በወረዱ በወጡ ቁጥር ያነባሉ። ሱዪን ጥግ ላይ ተቀመጠች። አጎት ሹይቱም ለዚህ ቀን ብለው ሸሚዝ ለብሰው፣ ልዑሉን በቀይ ጨርቅ ጠቅልለው፣ እንጨቶቹን በኪሳቸው ይዘው መጥተዋል፤ በፋይሉ ላይ ስሙ ያለ ሠራተኛ መገኘት አለበት የሚል ደብዳቤ ለቤተ መቅደሱ ደርሶ ነበርና።

ዲኑ ፋይሉን ሦስት ጊዜ አገላበጡ። «ደንቡ ግልጽ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የመጀመሪያው ደራሲ ያድጋል። በሕይወት ያለ ይሁን አይልም። የሠራተኛ ቁጥር አላቸው፣ ለአካለ መጠን ደርሰዋል፣ አእምሯቸው ጤነኛ እንደሆነ የራሳችን ቢሮ አረጋግጧል። ስለዚህ ልዑል ቺ ከዛሬ ጀምሮ ተባባሪ ፕሮፌሰር ናቸው። እንኳን ደስ ያለዎት።»

ኮሚቴው አጨበጨበ። አጎት ሹይቱ በልዑሉ ፈንታ ጎንበስ አሉ።

«ዶክተር ጂየን ደግሞ» ቀጠሉ ዲኑ፣ «እናዝናለን። ውልሽ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል።»

ሱዪን ቦርሳዋን አነሣች። አጎት ሹይቱ ግን አልተንቀሳቀሱም።

«ይቅርታ ዲን፣ ልዑሉ የሚያስተምሩት እንዴት ነው? አፋቸው እንደሆነ እንጨት ነው።»

ዲኑ ደንቡን ገለጡ። አካላዊ ችግር ያለበት ፕሮፌሰር ቋሚ ረዳት መምህር ይመደብለታል፤ የሚመርጠውም ራሱ ነው ይላል። የዲኑ ፊት ፈካ። «መልካም! ለዚህ የሚሆን ሰው አለኝ። የባለቤቴ እህት ልጅ ነው፣ በጣም ጨዋ።»

«እንጠይቃቸዋ» ብለው አጎት ሹይቱ እንጨቶቹን አወጡ። ምንጣፍ ላይ አይጣልም ስላሉ የዲኑ ጠረጴዛ መስተዋት ላይ ጣሏቸው። ልዑሉ ሳቁ። ዲኑ ስሙን አስረዝመው፣ ከነዲግሪው ደግመው ጠየቁ። ልዑሉ ይበልጥ ሳቁ፤ አንዱ እንጨት የዲኑን የሻይ ኩባያ ደፋው።

«እኔን ይፈልጉኛል?» አለች ሱዪን ከጥግ።

አጎት ሹይቱ ጣሉ። እሺ። እንደገና ጣሉ። እሺ። ሦስተኛውን ሲጥሉ አንደኛው እንጨት በጀርባው ወደቀ፤ ሁለተኛው መስተዋቱ ላይ ነጠረ፣ ተሽከረከረ፣ ከዚያም በሹል ጫፉ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ዲኑ ወደ እንጨቱ ጎንበስ አሉ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ዲኑ በሹክሹክታ።

«እያሰቡበት ነው» አሉ አጎት ሹይቱ፣ እሳቸውም በሹክሹክታ።

«እስከ መቼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እስኪወድቅ።»

«ልግፋው?»

«ይግፉት! ሠላሳ ሺህ ዓሣ አጥማጅ ነገ ጠዋት በርዎ ላይ ቆሞ ልዑላችንን ለምን ገፋህ ሲልዎት ደንቡን ያነቡለታል።»

ዲኑ እጃቸውን ሰበሰቡ። ደንቡን ፈለጉ። ምርጫ ተጀምሮ ካላለቀ ማንም ዕጩ አይሰናበትም የሚል መስመር አገኙ፤ ሲያነቡትም እንጨቱ እንዳይናወጥ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሞላ፣ አለፈ። እንጨቱ ቆሟል። ሱዪን ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

ይኸው ሦስት ዓመቱ። እንጨቱ አሁንም ቆሟል። የዲኑ ቢሮ የልዑል ቺ ትምህርት ክፍል ሆኗል፤ ጠረጴዛውን ማንቀሳቀስ ስለማይቻል ሌላ ምርጫ አልነበረም። ማራገቢያ አይከፈትም፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ማስነጠስ የመጣበት ተማሪ እጁን አውጥቶ ፈቃድ ጠይቆ ይወጣል። ተማሪዎቹ በቀስታ እየረገጡ ይገባሉ፣ የጥናት ጥያቄያቸውን ለልዑሉ ያቀርባሉ፤ ሱዪን፣ የቆመው እንዳይናወጥ፣ ሌላ ጥንድ እንጨት ትራስ ላይ ትጥልላቸዋለች። ልዑሉ ከሳቁ ተማሪው ወጥቶ ጥያቄውን በሰው ቋንቋ ጽፎ ይመለሳል። ዘንድሮ ሁለት መቶ አርባ ሰው ተመዝግቧል። ፎቶግራፍ መስሎት የገባ የለም።

ዲን ፋንግ ኮሪደር ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ተሰጥቷቸው ይሠራሉ። ደንቡ እንዲህ ይላልና አያማርሩም። ባለፈው ፌብሩዋሪ ያ ትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ግን ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። መደርደሪያዎቹ ተገነደሱ፣ የጣሪያው መብራት ወረደ፣ ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መካከል ቀጥ አለ። ሕንፃው ጸጥ ሲል ዲኑ፣ በተስፋ ይሁን በፍርሃት እሳቸውም አያውቁም፣ በሩን ገርበብ አድርገው አዩ። መስኮቱ ተሰብሯል፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ተማሪዎቹ ጠረጴዛ ሥር ናቸው። በመስተዋቱ ላይ እንጨቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ዲን፣ ይዝጉልኝ» አለች ሱዪን ከጠረጴዛው ሥር በሹክሹክታ። «ንፋስ ይገባል።»